ዶክተር ዳኛቸው ለሆኪ ቡድናቸው ከወጣት ሽማግሌ የመረጡበት ዜና

አጥንት ጠጋኙ፣ ጉልበት አቃኙ፣ የጆሃንስበርግ አበሾች የሆኪ ቡድን መሥራችና መሪ ዶክተር ዳኛቸው በነገሡ በስድስተኛው ዓመት፣ መብራት የሚጠፋበት ዘመን አልፎ ውሃ የሚጠፋበት ዘመን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ በዕለተ እሑድ የሆነውን ነገር፣ እኔ የቡድኑ ጸሐፊ መልአኩ በወሬ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ፣ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሆኜ እንዲህ ጻፍሁ።

በዚያ ዓመት ቡድናችን ወንድና ሴት ቀላቅሎ በሚያጫውተው የእሑድ ሊግ ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተጋጣሚው ሰው ጎድሎት እኩል ወጥቶ ነበርና፣ የሊጉ ሹማምንት በመጨረሻው ግጥሚያ ቢያንስ እኩል ካልወጣን ከመዝገብ እንደምንሰረዝ አወጁ። ቡድኑ እንደ አዲስ መገንባት እንዳለበት ማንም አልተጠራጠረም፤ ክርክሩ በማን ይገንባ የሚለው ነበረ። ታናናሾቹ ትሕትና ትሰለፍ አሉ። እሷም የቤሪያ ሰፈር ልጅ፣ ሃያ ዓመቷ፣ ሆኪን እዚሁ ትምህርት ቤት የተማረች፣ ዮአዳንንና ሙሰብን ከጓደኞቿ መርጣ ያመጣች፣ ዓመቱን ሙሉ ግን በጨዋታ አሥር ደቂቃ እየተቆነጠረላት የኖረች ናት። ታላላቆቹ ደግሞ የጃን ሜዳው እንድርያስ ይምጡ አሉ። እኒህም የዛሬ ሠላሳ ዓመት በገና ጨዋታ ስማቸው የተዘፈነ፣ ዛሬ በዛንድስፕሩት ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ የሃምሳ ስድስት ዓመት ጀግና ናቸው።

ዶክተር ዳኛቸውም የእንድርያስን ግራ ጉልበት በገዛ እጃቸው ቀደው በገዛ እጃቸው የሰፉ፣ ደረጃ እንኳ ሳይደገፉ እንዳይወጡ በማኅተም የጻፉላቸው ሆነው ሳለ፣ በልጅነታቸው በጃን ሜዳ አጥር ተንጠልጥለው ያዩት ያ ሩጫ ከዓይናቸው አልጠፋ ብሎ፣ ራጁን ወደ ጎን ትተው ትዝታቸውን አመኑ። በዚህ ስቄባቸዋለሁ፤ አዝኜላቸዋለሁም። በማግሥቱ በዋትሳፕ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ ንገር፤ ኔትወርክ የሌለህ ካለው ጠይቅ። ልጆቹ ፈጣን ናቸው፣ አልካድንም። ግን ስም የላቸውም። ጋሼ እንድርያስ ከዛሬ ጀምሮ ፊታውራሪያችን ናቸው። ትሕትና ወንበር ላይ ሆና እያየች ትማር። ማሊያ የሚጠበው ካለ ከአሁኑ ይናገር።»

ትሕትናም አንዲት አውራ ጣት ላከች።

ወእምዝ ሠራዊቱ ዘመተ። በቀኝ ክንፍ ቀኛዝማች አሳምነው፣ መሐንዲስ፣ በማሊያው ሥር የወገብ መቀነት የታጠቀ፤ በግራ ክንፍ ግራዝማች ባፈና፣ ከቶኮዛ በሁለት ታክሲ የመጣ፣ የደም ግፊት ክኒኑን በካልሲው የሸጎጠ፤ በበሩ አጋፋሪ ዑራኤል፣ መነጽሩን ቤት የረሳ፤ በመካከል ዶክተሩ ራሳቸው፤ ከሁሉም ፊት ሁለት ጉልበታቸውን እስከ ጭናቸው የጠቀለሉት ፊታውራሪ እንድርያስ። ጾም ከተፈታ ሁለት ቀን ብቻ ነበርና ክትፎውም አብሮ ዘምቷል። ተጋጣሚዎቻችን ተማሪዎች ነበሩ።

በመጀመሪያው አጋማሽ የግቡ ብረት ሦስት ጊዜ አዳነን። በሁለተኛው አጋማሽ ፊታውራሪው ለመከላከል እንደተመለሱ እንደገና ወደ ፊት ለመውጣት ጊዜ አጥተው በራሳችን ግብ ደጃፍ ቀርተው ሳለ፣ ኳሷ ወደ እሳቸው መጣች። የሆኪ ዱላ አንድ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ድቡልቡል ነው፤ በድቡልቡሉ መምታትም በሕግ ክልክል ነው። በገና ጨዋታ ግን ዱላ ዱላ ነው፤ በየትኛው ፊት መታህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንድርያስም እንደ ድሮው በጀርባው መቷት፤ ኳሷም እስከ ወዲያኛው የሜዳ ጫፍ በረረች፤ እኛም አጨበጨብን፤ ፊሽካም ተነፋ። የማዕዘን ቅጣት ተሰጠብን፣ ግብም ገባብን።

ዶክተሩ ወደ ዳኛዋ ገሥግሠው «ይህ አመታት በጃን ሜዳ በሺህ ሕዝብ ፊት የተመሰከረለት ነው፤ ሕጋችሁ ከመጻፉ በፊት የነበረ ነው» ብለው በእንግሊዝኛ አወጁ። ዳኛዋም ቢጫ ካርድ አውጥታ፣ በሆኪ ቢጫም ለጊዜው ያስወጣልና፣ ከሜዳ አስወጣቻቸው። በዚህም ሠራዊቱ ያለ አዛዥ ቀረ።

በዚያን ጊዜ ትሕትና ማንም ሳያዛት ከወንበሩ ተነሥታ፣ ከመስመሩ ዳር ቆማ፣ ሁሉም እየሰማ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ጋሼ እንድርያስ፣ ሶሪ። በገና ሜዳ ታናሽ ለታላቁ የፈለገውን ይናገራል፣ ማንም ቅር አይሰኝም እያላችሁ ነው ያሳደጋችሁን። እንግዲህ ልናገር፤ ጉልበትዎ አልቋል። ሻም፣ አሳዘኑኝ፤ ይውጡና ይረፉ። እኔ ልግባ።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አየን። እንድርያስ ግን ከእስር የተፈቱ ያህል ፊታቸው በርቶ፣ እያነከሱ ወጥተው፣ ግንባሯን ስመው አስገቧት። ከጎኔም ተቀምጠው በረዶ በጉልበታቸው ላይ እያደረጉ፣ ዶክተሩ ከደወሉላቸው ቀን ጀምሮ በፍርሃት እንቅልፍ እንዳጡ፣ እምቢ ማለት አፍረው ብቻ እንደመጡ ነገሩኝ። እሷም በገባች በአራተኛው ደቂቃ ሦስት ሰው አልፋ ግብ አገባች። አንድ ለአንድ ወጣን፤ ቡድናችንም ከመሰረዝ ዳነ።

ማታውኑ የድል አዋጅ ወጣ፦ «ቡድናችንን ልምድ አዳነው። ጋሼ እንድርያስ ሜዳ ላይ መታየታቸው ብቻ ተጋጣሚን አርበትብቷል። ትሕትናም ጥሩ ተተካች፤ ሁለት ሦስት ዓመት ከታገሠች ቦታ ታገኛለች። ለመጪው ዓመት ከፕሪቶሪያ ሁለት የጥንት ጀግኖች እሺ ብለውናል። ታናሽየው ገና ሃምሳ አራቱ ነው።»

ከአዋጁ ሥር «ትሕትና ከግሩፑ ወጥታለች» የሚል ጽሑፍ ታየ። ቀጥሎ ዮአዳን፣ ቀጥሎ ሙሰብ። በሳምንቱ ሦስቱም ከተማሪዎቹ ቡድን ጋር ሲለማመዱ አየኋቸው። ትሕትና እየሳቀች ነበር፤ ከእኛ ጋር በነበረችበት ዘመን ጥርሷን አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ምስጋና ይድረሳቸው ለዶክተር ዳኛቸው፣ ቡድኑን ላቆዩ፣ ያቆየችውንም ለሸኙ፣ ሯጭ ቢያልቅባቸው ባለስም ለማያልቅባቸው፣ በትሕትናም ቦታ እኔን፣ ከተማሪነቴ ወዲህ ለታክሲ እንኳ ሮጬ የማላውቀውን የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው፣ በሙሉ ድምፅ ለሾሙ፤ እኔም እምቢ ማለት አፍሬ ሹመቱን ተቀብያለሁ። ስማቸው ከፍ ይበል፤ ጉልበታችንንም ሊጉ እስከሚከፈትበት እስከ መጋቢት ያቆይልን።