ያለ መኪና የመጣ አፈር

አፈር ያልቃል ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ማን ያስባል! እግራችሁን ባሳረፋችሁበት ሁሉ አፈር አለ። እኔ ግን አፈር አልቆብኝ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ልንገራችሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ከመጣ በኋላ። ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው ዳገት ሥር አንድ ጥልቅ ፈፋ ነበር። የሰፈሩ ቆሻሻ እዚያ ይደፋል። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የኔ ሥራ ደግሞ በየማታው ቆሻሻውን አፈር ማልበስ። ቆሻሻ ብርድ ይመታው ይመስል ለምን ይለብሳል ትሉ ይሆናል። ካልለበሰ ይሸታል፣ ዝንብ ያፈላል፣ እሳት ይነሳበታል፣ ጅብ ደግሞ እየጎተተ ደጃፋችሁ ድረስ ያመጣላችኋል።

አፈሩ ራሱ በነጻ ነው። ጉዱ ማምጣቱ ላይ ነው። ቅርብ ያለውን ቆፍረን ጨረስነው። ከዚያ ሩቅ ሄድን። ሩቅ ለመሄድ ገልባጭ መኪና ያስፈልጋል፣ ገልባጩ ናፍጣ ይጠጣል፣ ናፍጣው ደግሞ በኩፖን ነው። ስለዚህ ቆጣቢ ሆንኩ። ተራ ቆጣቢ እንዳይመስላችሁ! ቆሻሻው በየቦታው እንዳይደፋ ከልክዬ አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ አስደፋለሁ፤ የሚለብሰው እንዲያንስ። ከማልበሴ በፊት በደንብ አስረግጠዋለሁ፤ ክፍተቱ አፈሬን እንዳይበላብኝ። ጠዋት ደግሞ አዲስ ቆሻሻ ከመምጣቱ በፊት የትናንቱን አፈር አስገፍፌ ለማታ አስቀምጣለሁ። ሚስቴ፣ ምነው ለኔ እንዲህ በሳሳህልኝ ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ይህም ሆኖ ገልባጩ ቆመ። ናፍጣው ለግንባር ተፈልጓል ተባለ። የቆጠብኩት ሁሉ ተሟጠጠ። አለቃዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በራስህ ተጣጣር አለኝ። አፈር በመጣጣር ይወለዳል እንዴ?

እና አንድ ጠዋት ስመጣ ፈፋው አፋፍ ላይ አፈር ተከምሮ ጠበቀኝ።

የጎማ ምልክት የለም። ሰው የለም። ከእንጦጦ የወረደው ጉም ገና አልተነሳም። ትንንሽ ክምር ነው፣ ጎን ለጎን፣ ገና እርጥብ። በዚያ ዘመን አዲስ የተቆለለ አፈር ሲያይ ፊቱን የማያዞር ሰው አልነበረም። መቃብር ነው የሚመስለው። ውሾቹ እንኳ ዳር ዳሩን ዞረው አለፉ። ዘበኛችንን ማን አመጣው ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም እንዳላየ፣ ማየትም እንደማይፈልግ ነገረኝ።

በማግስቱም መጣ። በሳልስቱም። እኔስ ምን አደረግሁ? አለበስኩበታ! እየፈራሁ በተንኩት። ከየት መጣህ ተብሎ አፈር ይመለሳል?

አንድ ቀን ግን ዘገን አድርጌ አየሁት። የዳገት አፈር የሣር ሥር አያጣም። ይሄ ሥር የለውም። ይልቅ በእበት የተለቀለቀ የቤት ወለል ስብርባሪ አለበት። ቀዝቃዛ ነው፣ የታፈነ ቤት ይሸታል። ፀሐይ አይቶ የማያውቅ አፈር ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰፈራችን ጠባብ መንገድ ብቻዬን ስሄድ ሳል ሰማሁ። ከመሬት ውስጥ። ዘወር ብል አጥር ነው፣ ዘወር ብል የተዘጋ መስኮት ነው። ቆምኩ። እንደገና ሳለ፤ ልክ ከእግሬ ሥር ከሆነ ቦታ። አማተብኩና፣ አልዋሻችሁም፣ ሮጥኩ።

ለሚስቴ ስነግራት አልደነገጠችም። ይልቅ አዘነችልኝ። ሴት ልጆች ብቻ ስላሉህ ነው ያልገባህ አለችኝ። ለካ የሰፈሩ እናቶች ወንዶች ልጆቻቸው ለውትድርና እንዳይታፈሱ በየአልጋው ሥር ጉድጓድ እያስቆፈሩ ነው! ጉድጓዱስ ተቆፈረ፤ አፈሩ የት ይግባ? ግቢ ውስጥ ቢቆለል ያስይዛል። ስለዚህ በጆንያ ይዘውት፣ ኪዳን የሚሄዱ መስለው፣ ገና ሳይነጋ እኔ ጋ ያራግፉታል። ሳሉን የሰማሁት የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ግድግዳ ጥግ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። አንድ ልጇ ሰለሞን ሐረር አክስቱ ጋ ሄደ ብላን ነበር። ሐረር እንደዚህ ቅርብ መሆኑን አላወቅሁም።

ዝም አልኩ። መሥሪያ ቤቱ ግን ዝም አላለም። ጠብታ ናፍጣ ሳይወስድ ፈፋውን የሚያለብስ ሠራተኛ ተገኘ ተብሎ፣ የቀበሌው ሰዎች በተጠሩበት ስብሰባ ላይ አስቁመው አስጨበጨቡልኝ። አለቃዬም ልምዱን ለሌሎች እንዳካፍል ጠየቀኝ። አፈሩ ከየት ነው የሚመጣው?

ቆሻሻው ራሱ ሲበሰብስ አፈር ይሆናል አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሳይንስ ነው ተባለ! ከኋላ የተቀመጠው የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ዘለቀ ብቻ አላጨበጨበም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጠመንጃውን አንግቶ በራችንን አንኳኳ።

«ና እስቲ» አለኝ። «አፈር ታውቃለህ አሉ።»

ቤት ለቤት አብሬው ልዞር ነው። የት እንደተቆፈረ እኔ ልነግረው! የመጀመሪያው ቤት ደግሞ የእትዬ አስካለ ሆነ።

ስንገባ ምስር እየለቀመች ነበር። ስታየን እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ» አላት ዘለቀ።

«እግዜር ይመስገን።»

«ሰለሞን የታለ?»

«ሐረር ነው፣ አክስቱ ጋ።»

«ይጽፋል?»

«አይ፣ ለመጻፍ ሰነፍ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። ወለሉን እንድፈትሽ በአገጩ አመለከተኝ። ረገጥ ረገጥ እያደረግሁ ሄድኩ። አልጋው አጠገብ ስደርስ ድምፁ ተለወጠ። እንደ ከበሮ ሆነ። ሦስታችንም ሰማነው።

«ጠንካራ ወለል ነው» አልኩ።

ዘለቀ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ አለና የአልጋ ልብሱን ጫፍ ያዘ።

ያኔ ከመሬት በታች ሰው አስነጠሰ።

መቼም ሰው ሲያስነጥስ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። ለማናውቀውም ሰው እንላለን፣ ለተኳረፍነውም እንላለን። ገና አፍ ስንፈታ የለመድነው ስለሆነ አፋችን እኛን አያማክርም። ጓድ ዘለቀም ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ እንዳጎነበሰ፣

«ይማርህ» አለ።

ከወለሉ ሥር አንድ የታፈነ ድምፅ፣ በጨዋ ደንብ፣

«ያኑርዎት» ብሎ መለሰ።

ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰለሞን ነው፣ በእጄ ያሳደግሁት ሊባል የሚችል ልጅ። ግን መሬት ሲመርቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጠጉሬ ቆመ። ምስሩ ከሰፌዱ ወርዶ ወለሉ ላይ ተበተነ። እትዬ አስካለ ወደ አልጋው አላየችም፤ ዘለቀን ነበር የምታየው። አሁን ልጇን ይዘውት ይሄዳሉ። ከሰፈራችን ታፍሰው ከሄዱት ደግሞ ተመልሶ ያየነው የለም። ያን አፈር ምነው ባላየሁት፣ ምነው ቆሻሻው ሳይለብስ በሸተተ አልኩ በሆዴ።

ዘለቀ የአልጋ ልብሱን ለቀቀው። ቀስ ብሎ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። በሩ ድረስ ሄደ፤ አንገቱን ወጣ አድርጎ ውጭውን ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ በሩን መለስ አደረገው።

«እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብርዱ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ጭድ ያንጥፉለት። የኛው ልጅ ጭድ ካነጠፍንለት ወዲህ አስነጥሶ አያውቅም።»