ልብስ ሰፊው ብርድን ከቤታቸው ያስወጡበት ዘመቻ

አሮጌው ፍሪጅ በነገሠ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ይኸውም ማጓራቱ ከኩሽና አልፎ እስከ መንገድ ይሰማ በነበረበት፣ ነፋስ በመስኮት ገብቶ በኮርኒስ በሚወጣበት፣ የመብራት ቆጣሪውም ቀን ከሌት በማይጠፋው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተነሣ እንደ ደነበረ ፈረስ በሚጋልብበት ዘመን፣ ሥዩመ መርፌ፣ ዐቃቤ መቀስ፣ የረዘመ ሱሪ አሳጣሪ፣ የጠበበ ወገብ አስለቃቂ የሆኑት ልብስ ሰፊው በተወለዱበት ቤት ተቀምጠው ሳሉ የሆነው ዜና ይህ ነው።

ወእምዝ የወሩ የመብራት ቢል ደረሰ። እመቤቲቱ ባለቤታቸው፣ በዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ፣ በቤታቸው ደግሞ በጅሮንድ፣ ቢሉን አንዴ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አድርገው ደገሙት፣ ፊታቸውም ተለዋወጠ፤ ወዲያው ከሳሎኑ መካከል ቆመው እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ይሄ ቤት እኛን አሙቆን አያውቅም፤ እኛ ነን ሰፈሩን በሙሉ የምናሞቀው። የሚመጣው ቢል በግማሽ ካልወረደ ቤቱን ለደላላ እሰጠዋለሁ፤ ፎቅ ላይ ጠበብ ያለች ሙቅ ቤት እንገባለን። አለቀ!»

ይህን በሰሙ ጊዜ የልብስ ሰፊው ልብ ራደ። በመንገድ በኩል ባለችው ክፍል ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሰፍተዋልና፣ ብርሃኑ በግራ ትከሻቸው በኩል እንዴት እንደሚገባ መርፌያቸው እንኳ ያውቃልና፣ ደንበኞቻቸውም ሳያንኳኩ ይገባሉና፤ ከዚያች ክፍል ከወጡ መርፌ መያዛቸው እንደሚያበቃ ተሰማቸው። ፈሩ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈሩ። ነገር ግን ፍርሃታቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው ሰፉትና በፈንታቸው አወጁ፦

«ክተት! መሰላል ያለህ መሰላልህን፣ ስፖንጅ ያለህ ስፖንጅህን ይዘህ ና! ምንም የሌለህም ና፣ መሰላሉን ትይዛለህ!»

ከተቱላቸውም። ግንበኛው ጎረቤት፣ ከዚህ ቀደም ያዋሰው መሰላል ከሰው ቤት አልመለስ ብሎት ያውቃልና፣ ከመሰላሉ ላለመለየት ሲል ተከተለ። የእመቤቲቱ እናት ብርድ ልብሳቸውን እንደ ካባ ደርበው፣ ደጀን ሆነው፣ ከአልጋቸው ሳይወርዱ ዘመቱ። ድመቲቱም መጣች፤ ለማን ወግና እንደ መጣች ግን አልታወቀም።

ጠላት ስውር ነበርና አስቀድመው ሰላይ ላኩ። ሰላዩም ቀጭን ጥቁር ክር ነበር፤ በእንጨት ጫፍ አንጠልጥለው በየመስኮቱ ዙሪያ ሲያስኬዱት፣ ነፋስ በተሸሸገበት ሁሉ ክሩ እየተወዛወዘ አጋለጠው። በተወዛወዘበትም ስፖንጅ ለጠፉ፣ ሲልከን የተባለውን የስንጥቅ መድፈኛ ቀቡ፣ ከበሮቹ ሥር አሸዋ የተሞላ ረጅም የጨርቅ ትራስ ሰፍተው አጋደሙ። ለኩሽናው የአየር መተንፈሻ ግን ምሕረት አደረጉለት፤ ሰው መተንፈስ አለበትና።

ከዚህ በኋላ ወደ ላይኛው አገር፣ ወደ ኮርኒሱ ወጡ። እመቤቲቱ ስንት ጊዜ «ይጣል!» ያሉት የሱፍ ቁርጥራጭ በጆንያ በጆንያ ተጭኖ ወጣ፣ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከልም እንደ ፍራሽ ተነጠፈ። በዚያም ታላቅ ፈተና ሆነ፤ የጀግናው ልብስ ሰፊ ግራ እግር ኮርኒሱን በስቶ በአማታቸው አልጋ ትክክል ወረደና እንደ ፋኖስ ተንጠለጠለ። አማትየውም ከብርድ ልብሳቸው ሳይወጡ አወጁ፦

«እግሩ ከመጣ ሰውየውም ይምጣ፤ ካልሆነ እንቅልፌን ተዉልኝ!»

ግንበኛው እግራቸውን ከታች ገፍቶ ወደ ባለቤቱ መለሰ፣ ቀዳዳውንም በጂፕሰም ደፈነ።

ከድሎች ሁሉ የሚበልጠው ግን የቦይለሩ ነው። ይህ በርሜል ለሰው ውሃ እያሞቀ ራሱ ራቁቱን ይኖር ነበርና፣ አንድ ደንበኛ አሰፍቶ ሳይወስደው የቀረ ወፍራም ካፖርት አለበሱት። ኤሌክትሪኩ ያለበትን ክዳን ብቻ ክፍት ተዉለት፤ ሌላው በቁልፍ ተቆለፈ፣ ኮሌታው ቆመ፣ እጅጌዎቹም እንዲህ ያለ ስፌት አይቆረጥም ተብሎ ግራና ቀኝ ተንጠለጠሉ። አማትየው በማግሥቱ ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ገብተው እንግዳ መስሏቸው የልጆቹን ጤና ጠየቁት። አሮጌው ፍሪጅ አልተሻረም፤ የበሩ ጎማ ታደሰለትና በትሕትና መግዛት ጀመረ። አምፖሎቹም ሁሉ ተሽረው ቆጣቢ አምፖሎች ተሾሙ።

ወሩ ሞላ፣ ቢሉም መጣ። እመቤቲቱ አነበቡት፤ የጎረቤት መስሏቸው የቆጣሪውን ቁጥር አመሳከሩ፤ የራሳቸው ነበር፣ ከግማሽም በታች ወርዷል። ቢሉን አጥፈው ከደረታቸው ሸጎጡት። ልብስ ሰፊው ይህን እንደ ድል ቆጠሩትና ቀኑን ሙሉ እያፏጩ ሲሰፉ ዋሉ።

ነገር ግን እመቤቲቱ ቀደም ብለው ለደላላው ተናግረው ነበርና ደላላው መጣ። ከደጅ እጁን እያሻሸ ገባ፤ ሳሎኑ መሐል ሲደርስ ማሻሸቱን ተወ፣ ጆሮውን አቀና፣ የነፋስ ድምፅም አልሰማም። ወዲያው አወጀ፦

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ይሄ እኮ ሌላ ቤት ነው! ቢል የማይበላ ቤት ስንቱ በመብራት እየፈለገው! ዋጋውን ለኔ ተዉት!»

ሳይውል ሳያድርም ባለጸጋ ገዢ ይዞ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው በገዛ መርፌያቸው እንደ ተወጉ ገባቸው። ቤቱ እንዳይሸጥ ብለው የደፈኑት ስንጥቅ ሁሉ ለካ ዋጋውን ሲያስወድድ ከርሟል። ስለዚህ፣ ይህን መጻፍ ቢከብድም፣ ገዢው መኝታ ቤቱን ሲያይ እሳቸው ሳሎን ቀርተው፣ ጥቂት ብርድ ቢገባ ብለው፣ የመስኮቱን ስፖንጅ በጥፍራቸው ሊነቅሉ ታገሉ። ስፖንጁ ንቅንቅ አላለም። ጠንካራ ሥራ በመሥራታቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አዘኑ።

ገዢው ጃኬቱን አወለቀ፣ ግድግዳውን ዳበሰ፣ ዋጋም ጠራ። ጉዱን ሊያይ መሰላሉን ይዞ የመጣው ግንበኛ ዋጋውን ሲሰማ መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ። ገዢውና ደላላው ነገሩን ሊያጸኑ የመንገዱን በር ወለል አድርገው ከፍተው፣ አንድ እግራቸው ውስጥ አንድ እግራቸው ውጭ ሆኖ፣ መንሾካሾክ ጀመሩ። ብርዱም ዕድሉን አግኝቶ ገባ። እመቤቲቱ ሶፋው ላይ ነበሩ፤ በዚያ ቤት በብርድ ወራት ያለ ሹራብ ሲቀመጡ ከተዳሩ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ብርዱ ክንዳቸውን ነካው። ክንዳቸውን አዩ፤ በሩን አዩ፤ ባላቸውን አዩ፣ ባላቸውም ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል። ከዚያም ተነሥተው አዋጅ አስነገሩ፦

«ኧረ በሩን ዝጉልን፣ ሙቀቱ ወጣ እኮ!»

ደላላውና ገዢው ተያዩ፤ ከውስጥ ሆነው ይዝጉት ወይስ ከውጭ አላወቁም። እመቤቲቱም ሁለተኛውን አዋጅ አከሉ፦

«በውጭ በኩል!»

እንግዲህ ከተማ ላልያዙት፣ ምርኮ ላልነዱት፣ የቤታቸውን ዋጋ ሰማይ ሰቅለው በዚያው ቤት ለቀሩት፣ እመቤቲቱንም በዚያ ብርድ በባዶ ክንድ ላስቀመጡት፣ መዋዔ ስንጥቅ ልብስ ሰፊ ክብር ይገባል፤ ስማቸው ክርና መርፌ እስካለ ድረስ ይጠራ፣ ነፋስም ደጅ ይደር።