ሁለት ባላጋሮችና አንድ የኪራይ ትራክተር

ሰው ከጎረቤቱ የሚሸሽገው ሀብት እምብዛም የለውም። እሳት ቢጠይቁት ይሰጣል፤ ወንፊት ያውሳል፤ ሲቸግርም አህያውን ከነኮርቻው ይለቃል። ከድንበሩ ላይ ግን አንድ ስንዝር ሣር ቢነኩበት፣ ያ ትናንት አብሯችሁ ሲያስቀድስ የነበረ ገር ሰው የሕግ ሊቅ ሆኖ ይነሣል፤ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም እየጠራ ደብረ ብርሃን ችሎት ድረስ ይዘልቃል። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለውን በእኛ አገር ሕፃን ከፊደል በፊት ያጠናዋል። እኔ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር በዜማና በቅኔ የሸበትሁ ሰው ነኝ፤ በዕድሜዬ ብዙ ጠብ አብርጃለሁ። ባልና ሚስት ይታረቃሉ፤ ደም የተቃባም ጊዜ ቢወስድ ይታረቃል። የድንበር ጠበኞች ግን የሚታረቁት በመቃብር ነው፤ እዚያም ቢሆን ጎን ለጎን እንዳይቀበሩ የሚናዘዙ አሉ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ከጫጫ ከፍ ብሎ ባለው በእኛ አጥቢያ ነው። ባላምባራስ ዘውዴ የሚባሉ ጎልማሳና መኩሪያ የሚባል ጎረቤታቸው ማሳቸው ጎን ለጎን ነበር። ባላምባራስ «ወሰኔ በቀጥታ ወደ ኮሶው ዛፍ ይሄዳል» ይላሉ፤ መኩሪያ «የለም፣ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ነው የሚሄደው» ይላል። በዛፉና በድንጋዩ መካከል ያለችው መሬት፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ዶሮ ስትጭራት ብትውል ምሳዋን የማትጠግብባት ናት። ሁለቱ ግን ስለ እርሷ ሲሟገቱ ዳኛ ያልፋል፣ ዳኛ ይተካል፤ ክርክሩ ይኖራል። ሰላምታ እንኳ ከተቋረጠ ቆይቷል። በቅዳሴ ጊዜ አንዱ በሰሜን በር ከገባ ሌላው ዞሮ በምዕራብ ይገባል።

እንዲህ ሳሉ የከብት በሽታ ገባ፤ ከሁለቱም ቤት አንዳንድ በሬ ወሰደ። በሽታው ከዳኞቹ ሁሉ የተሻለ ዳኛ ነበር፤ ለማንም ሳያደላ አካፈላቸው። እንግዲህ እንደምታውቁት በሬ ብቻውን አያርስም። በእኛ ዘንድ አንድ በሬ የቀረው ሰው አንድ በሬ የቀረውን ሰው ፈልጎ ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን ለዚህ፣ አንድ ቀን ለዚያ ያርሳሉ። ይህ መቀናጆ የድኻ ጥበብ ነው። የቀረው አጥቢያ ሁሉ አስቀድሞ ተቀናጅቶ ስለ ነበር፣ አንዳንድ በሬ ይዘው የቀሩት እነዚያው ሁለቱ ብቻ ሆኑ። አጥር ለአጥር ናቸው፤ በሬዎቹም በአጥሩ ላይ ይተያያሉ። ሰዎቹ ግን ማሳው ጦም ያድር እንደሆነ ይደር እንጂ አንቀናጅም አሉ። ሰኔ ተቃረበ፤ ሁለቱም ማሳ እንደ ደረቀ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የደብረ ብርሃን ነጋዴ፣ በአረርቲ ሜዳ ሲሠራ የከረመ ትራክተሩን ወደ ደጋው ልኮ ማከራየት ጀመረ። ኪራዩንም እህል ሲደርስ እቀበላለሁ አለ። ይህ ሲሰማ የሁለቱ ባላጋሮች ፊት በራ። ከጠላት በሬ ጋር ከመጠመድ ናፍጣ ከሚጠጣ ብረት ጋር መዋል ምንኛ ይሻላል! ሁለቱም በየፊናቸው ወደ ሹፌሩ ሮጡ።

ሹፌሩ በቀለ የሚባል የአረርቲ ሰው ነበር። ማሳዎቹን ከዳር እስከ ዳር ረግጦ አየና ወደ እኔ መጣ።

«የኔታ፣ ይህ እንደ በሬ በቆመበት አይዞርም። ማሳቸው ቀጭን ነው፤ ስዞር የግድ የጎረቤቱን ልረግጥ ነው። ሁለቱ እንደ አንድ ማሳ ይታረስ ካሉ አርሳለሁ። አለዚያ ወደ መዘዞ መሄዴ ነው፤ ዝናቡ ከጠና ይህ ጥቁር አፈር ትራክተሩንም እኔንም ይውጠናል።»

ልብ በሉ። ከበሬው የሸሹት ስምምነትን ፈርተው ነበር፤ ብረቱም የጠየቃቸው ያንኑ ስምምነት ሆነ።

እኔም በሽምግልና ተመላለስሁ። ባላምባራስ «ወሰኑ ከተገለበጠ ክርክሬ በምን ላይ ይቆማል?» አሉኝ። መኩሪያ ደግሞ «እርሳቸው አስቀድመው እሺ ይበሉ፤ ከዚያ አስብበታለሁ» አለኝ። ከመጻሕፍት ያልጠቀስሁላቸው የፍቅር ቃል አልነበረም። ሁለቱም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በትሕትና ሰሙኝ፤ በትሕትናም እንቢ አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ግን የመኩሪያ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ፣ ሕዝቡ እንደ ቆመ፣ ስንት ዘመን የማንም አፍ ያልደፈረውን ደፍራ ባላምባራስን ከፊት ለፊታቸው አነጋገረቻቸው።

«ባላምባራስ፣ እኛም ልጆች አሉን፣ እርስዎም ልጆች አሉዎት። በጎታችን የቀረው ዘር ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ድንበሩን ቀቅለን እናብላቸው? እንደዚያ ከሆነ እንኳ እኩል ያካፍሉን!»

ሕዝቡ ሳቀ። ባላምባራስ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ እርሳቸውም እንደ ሳቁ ትከሻቸው መሰከረባቸው። ቆይተው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይታረስ» አሉ። «ነገር ግን ወሰኔ ሲገለበጥ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ከማሽኑ ላይ ወጥቼ ነው የማየው።»

መኩሪያ ከኋላ ሆኖ «እርሳቸው ከወጡማ እኔም እወጣለሁ!» አለ።

በማግስቱ የማንም ታቦት በዓል አልነበረምና ሥራው ተጀመረ። ጠበል ይርጩልን ብለውኝ ረጨሁ፤ በቀለ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ቢለማመጠኝ ከጎማው ላይ አበዛሁት። ባላምባራስ በቀኝ ጎማ መከለያ ላይ በክብር ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ወደ ኮሶው ዛፍ ነው። መኩሪያ በግራው ላይ ወጣ፤ ዓይኑ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ነው። በመካከል ሹፌሩ እንደ ታቦተ ሕግ በሁለት ኪሩቤል ተጠብቆ ተቀመጠ፤ እነዚህ ኪሩቤል ግን ተኮራርፈዋል።

ትራክተሩ አጓርቶ ሲነሣ ኩርፊያው ከመጀመሪያው ትልም አላለፈም። ማሽኑ ሲዘል ባላምባራስ «እግዚኦ!» አሉ፤ መኩሪያም በሹፌሩ ጀርባ በኩል እጁን ሰድዶ ነጠላቸውን ጨመደደ።

«አንተ መኩሪያ! ነጠላዬን ልቀቅ!»

«ነጠላዎን ለቅቄ ልሙትና ርስቴን ይውረሱት? አልለቅም!»

«እንግዲያው ክንዴን ያዝ፣ አንተ ነገረኛ! ነጠላው ይቀደዳል!»

«ጌቶቼ፣» አለ በቀለ፣ «እርስ በርሳችሁ ተያያዙ፤ መሪዬን ብቻ አትንኩብኝ!»

ተያያዙ። ሲሄዱ ተያይዘው፣ ሲዞሩ ተያይዘው፣ አንዱ ሊወድቅ ሲል ሌላው እየሳበው፣ እኛም ከዳር ሆነን ሆዳችንን ይዘን እየሳቅን፣ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሆኖ ተገለበጠ። ሲወርዱ ራሳቸው ዞሮ ነበር። ሽማግሌዎች «እንግዲህ ወሰናችሁን አሳዩን» ብንላቸው ባላምባራስ በልበ ሙሉነት ጣታቸውን ዘረጉ፤ ያሳዩት መስመር መኩሪያ በፍርድ ቤት ከጠየቀው በላይ ለመኩሪያ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። መኩሪያም በበኩሉ ዘረጋ፤ እርሱ ደግሞ የራሱን ጓሮ ለባላምባራስ መርቆ አረፈው።

ዳግመኛ ለመከራከር ጊዜ አልነበረም። ደመናው ከብዶ ነበርና በቀለ ትራክተሩን ይዞ ሸሸ። ዘር ተዘራ፤ ዘሩን አፈር ለማልበስ ግን የግድ ጥማድ በሬ ያስፈልጋል። አስካለ ማንንም ሳታማክር በሬያቸውን ፈትታ ወደ ማሳው ነዳችው፤ ባላምባራስም የራሳቸውን አመጡ። ገብሱ ያለ ድንበር በቀለ፤ ያለ ድንበር ታጨደ፤ በአንድ አውድማ ተወቅቶ፣ ኪራዩ ወጥቶለት፣ በቁና እኩል ተከፈለ።

ታረቁ ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። አልታረቁም። እኔ ራሴ «እንግዲህ ክሱን ተዉት» ብላቸው ባላምባራስ «ፈርቶ ተወ ልባል?» አሉ፤ መኩሪያም «ተረትቶ ተወ ይበሉኝ?» አለ። ስለዚህ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዱ፤ እኔም ምስክር ነኝና አብሬ ሄድሁ። ስንቃቸው አንድ አገልግል ነበር፤ አስካለ ያዘጋጀችው። ባላምባራስ በበቅሏቸው ተቀምጠው፣ ዳገት ሲሆን ወርደው መኩሪያን «ውጣ፣ እግሬን ላፍታታ» ይሉታል።

ዳኛው አዲስ ነበሩ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እጅ ሲነሡ አዩና መዝገባቸውን ገልጠው «ባላጋራችሁ ቀረ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«አለ እንጂ ጌታዬ» አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ፤ አንዱ ወደ አንዱ እየጠቆመ።

«ታዲያ ተከራከሩ።»

ባላምባራስ አሰብ አድርገው «ቀጠሮ ይሰጠን» አሉ፤ መኩሪያም «እኔም አልቃወምም» አለ። ዳኛው ግራ ገብቷቸው ለሰኔ ቀጠሩላቸው። ይህን ጊዜ ሁለቱም ደነገጡ።

«ጌታዬ፣» አለ መኩሪያ፣ «በሰኔስ አይመቸንም። በሬዎቻችን እኮ ተጠምደው ነው የሚውሉት!»