አቶ ቮርትማንና መድን ያጣው ውሻ

በጀርመን አገር እያንዳንዱ የኪራይ ሕንፃ ጣሪያ፣ ደረጃና ራሱን የሾመ አንድ ደንብ ጠባቂ አለው። ጣሪያው ቢያፈስ ይጠገናል፤ ደረጃው ቢሰበር ይታደሳል። ደንብ ጠባቂው ግን እንደ ቦኹም ከተማ የኅዳር ዝናብ ነው፤ ይችሉታል እንጂ አያስቆሙትም።

ወይዘሮ ፒልከ ለሚኖሩበት ሕንፃ የደረሱት ክቡር አቶ ቮርትማን ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራ ፈትተው አያውቁም። ጫጫታ በተከለከለበት በእሑድ ቀን ጠርሙስ የጣለ፣ ደረጃ የማጠብ ተራውን የዘለለ፣ ብስክሌቱን ኮሪደር ላይ ያቆመ ሁሉ ከእጃቸው አያመልጥም። ገሥጸው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በግሌ ቅር የሚለኝ ነገር የለም» ይላሉ። ከተግሣጹ ይልቅ የምታንገበግበው ይህች ቃል ነበረች።

ወይዘሮ ፒልከ ደግሞ ካስፓር ነበራቸው። ባለቤታቸው ዲተር ሲሞቱ ትተውላቸው የሄዱት ውሻ ነው፤ ደረቱ በርሜል፣ ልቡ የርግብ። ዝርያው ስታፎርድ ነው። ስታፎርድ በሕግ «አደገኛ» ተብለው ከተዘረዘሩት ውሾች አንዱ ነው። አቶ ቮርትማን ደረጃ ላይ ሲያገኙት ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያሳልፉታል። ወይዘሮዋ ንቀት ይመስላቸው ነበር።

ዲተር ለከተማው ሐቁን ነግረው ፈቃድ ቢያወጡም፣ ውሻው ሰው ቢጎዳ ካሣ ለሚከፍለው የመድን ድርጅት ግን «ድብልቅ ውሻ» ብለው ነበር። ይህ ነገር አንድ ቀን በአቶ ቮርትማን ፊት ከወይዘሮዋ አፍ አመለጠ።

«ወይዘሮ ፒልከ! ሰው ቢነክስ እኮ ድርጅቱ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ይታረም!»

«ካስፓር? እሱ ቢራቢሮ ሲያይ ከኋላዬ ይደበቃል።»

«ቢራቢሮ ካሣ አትጠይቅም። በግሌ ቅር የሚለኝ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ!»

ግን ወይዘሮዋ ለድርጅቱ ጽፈው አሳረሙት። ማንም ሳይጠይቀው ቴምብር ለጥፎ በራሱ ላይ የሚመሰክር ሕዝብ ከዚህ ሌላ የት ይገኛል? ድርጅቱም ሳይውል ሳያድር ውሉን አፈረሰ። የከተማው ጽሕፈት ቤት ቀጠለ፤ መድን የሌለው ውሻ ፈቃድ የለውም። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ መድን ካልተገኘ ካስፓር ወደ ከተማው የውሻ ማቆያ ይሄዳል። ከዚያ ያረጀ ስታፎርድ የሚያወጣ ሰው የለም።

ወይዘሮዋ በየመድን ድርጅቱ ደወሉ።

«ዝርያው?»

«ስታፎርድ። ግን አርጅቷል፤ ጥርሱም አልቋል!»

«ጥርስ አንጠይቅም፣ ወይዘሮ። የምንጠይቀው ዝርያ ነው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በዝናብ ርሰው ሲመለሱ አቶ ቮርትማንን በራቸው ላይ ቆመው አገኟቸው።

«የእኔ መድን የድሮ ውል ነው። ውሻ ይሸፍናል፤ ዝርያ አይጠይቅም። ደውዬ አረጋግጫለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አሉ ወይዘሮዋ በምሬት።

«ስለዚህ ውሻው የእኔ መሆን አለበት።»

ወይዘሮዋ በሩን ሊዘጉባቸው ቃጣቸው፤ ግን ሌላ መውጫ አልነበረም። «በወረቀት ብቻ ማለትዎ ነው?»

«ወይዘሮ ፒልከ!» አቶ ቮርትማን ክፉኛ ደነገጡ። «እሱማ ማጭበርበር ነው። እኔ ጋ ይበላል፤ እኔ ጋ ያድራል።»

ለዚህም አቶ ቮርትማን «አደገኛ» ውሻ ለሚይዝ ሰው የሚሰጠውን የባለቤትነት ፈተና ማለፍ ነበረባቸው። የጽሑፉን እንደ ውዳሴ በቃላቸው ተወጡት፤ እንዲያውም የፈታኙን አንድ ጥያቄ አረሙ። ጭንቁ የተግባሩ ነበር፤ የአፍ ማሰሪያውን በገዛ እጃቸው ለካስፓር ማጥለቅ አለባቸው። በደረጃው ላይ ሲለማመዱ ማሰሪያውን ከካስፓር አፍንጫ ሳያደርሱ ሦስት ጊዜ መለሱት።

«አቶ ቮርትማን፣ ውሻ ይፈራሉ እንዴ?»

«አልፈራም። ከልጅነቴ ጀምሮ እጠነቀቃለሁ።»

ካስፓር አገጩን መዳፋቸው ላይ አኖረና ጸጥ አለ። ወይዘሮዋ ያ ሁሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባቸው።

አቶ ቮርትማን አለፉ። ወሩ ሳያልቅ የካስፓር ፍራሽ ኮሪደሩን ተሻግሮ አቶ ቮርትማን ቤት ገባ። በዚያ ምሽት የወይዘሮ ፒልከ ወጥ ቤት ዲተር እንደተቀበሩበት ቀን ጭር አለ። «አምላኬ፣ በሕይወት አለ፤ ተመስገን» ብለው ጸለዩ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አለቀሱ።

የበሩ ደወል ጮኸ። አቶ ቮርትማን ሽርጥ ታጥቀው ቆመዋል፤ ሱሪያቸው የውሻ ጠጉር ብቻ ሆኗል።

«ደንቡን ሳነብ ነበር» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ውሻው የት እንደሚያድር ይናገራል። እርስዎ የት እራት እንደሚበሉ የሚል አንቀጽ ግን የለውም። ደግሜ ፈልጌአለሁ። የምስር ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»

ወይዘሮ ፒልከ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው እንዳሉ ወጡ፤ የወጥ ቤቱ መብራት እንደበራ ቀረ። አቶ ቮርትማን መብራቱን አዩት፤ ሊገሥጹ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተግሣጹን ውጠው በሩን በቀስታ ዘጉት።