ለባዶዋ ወንበር የተደረገው ዘመቻ

በተወለዱ በአርባ አራተኛው ዓመት፣ በቢሮው በተሾሙ በስድስተኛው፣ የቢሮው ማተሚያ ማሽን ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ ዝናብ የዲላን ጣራ ያለ ይሉኝታ በሚደበድብበት ሰሞን፣ ሊቀ ሠንጠረዥ፣ ሠዓሌ ግራፍ፣ ገባሬ ሪፖርት፣ ዐቃቤ ፍላሽ የሆኑት ከፈለኝ ዘመንፈስቅዱስ ለአንዲት ባዶ ወንበር ዘመቱ። ዜናውም እንዲህ ነው።

ወንበሪቱ በአንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ፣ ከፈለኝ በሚመሩት የሪፖርት ቢሮ የምትገኝ የዳታ ተንታኝ ወንበር ነበረች። ስምንት ወር ሙሉ ከከፈለኝ ኮት በቀር የተቀመጠባት አልነበረም። ባዶነቷም ባላስጨነቀ ነበር፣ የኮንጋ ነገር ባይመጣ። ባለፈው የለቀማ ወራት ከኮንጋ ቀበሌ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ከገባው እሸት ቡና የአሥራ አንድ ቀኑ፣ የአሥራ አንድ ቀኑ ብቻ፣ ሲቀመስ ኮምጣጣ ሆኖ ተገኘ፤ ቀማሾችም ፊታቸውን አጨፍግገው ተፉት። የዩኒየኑ ቦርድም፣ ምክንያቱ እስከ ሰኔ አንድ ቀን ተጣርቶ ካልቀረበ ኮንጋ ከምርጥ ቡና አቅራቢዎች መዝገብ ትሰረዝ ብሎ ቆረጠ።

ከፈለኝም ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው ደነገጠ፤ ኮንጋ ያደጉባት ናትና። አባታቸው መምህር ዘመንፈስቅዱስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጎጃም ተመድበው መጥተው በዚያች ቀበሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊደል ያስቆጠሩ፣ እዚያው ያረፉ፣ እዚያው የተቀበሩ ናቸው። ነገር ግን ሪፖርት ባዶ መስመር አይወድምና፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ጀግናው ለጊዜው፣ ያወቁትን ሳይሆን ያልከበዳቸውን ጻፉ፦ «የአርሶ አደሩ ቸልተኝነት።» ይህችን ቃል አንባቢ በጣቱ ይያዛት፤ ተመልሳ ትመጣለች።

በቀዳማዊው ማስታወቂያ ዘመን ዲግሪ ያላቸው አሥራ ዘጠኝ፣ በካልዓዊው ማስታወቂያ ዘመን ማስተርስ ያላቸው ሰባት መጥተው ሁሉም በኮንጋ ሠንጠረዥ ተፈተኑ። አንዱ ዝናቡ ነው አለ፤ ዝናቡ ግን ጎረቤት ቀበሌ አሪቻም ዘንቦ ነበር፣ የአሪቻ ቡና ምንም አልሆነ። ሌላው በሰባት ቀለም ያጌጠ ክብ ሠራ፤ ክቡ ምን እንደሚል ሲጠየቅ ከፈለጉ ቀለሙን መቀየር እንደሚችል ተናገረ። አንዲቱ ደግሞ አርባ ገጽ ጽፋ በመጨረሻ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል አለች፤ ከፈለኝም የወጣትነት ዘመናቸው ትዝ ብሏቸው ዐዘኑ።

ያን ጊዜ እንደ ጥንቱ ነገሥታት ምክር ያዙ፤ መካሪ ስላልነበራቸው ከራሳቸው ጋር መከሩ፣ ከራሳቸውም ጋር ሳይስማሙ ሁለት ቀን ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ደበበ በትእዛዛቸው ሞንታርቦ ተሸክሞ ወጥቶ ይህን አዋጅ በከተማው አሰማ፦

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዲግሪ ያለህ ከነዲግሪህ፣ የሌለህ ከነደብተርህ ና! ቆጥረህ የማትሳሳት፣ አይተህ የማትረሳ፣ ይሄ ነገር ለምን ሆነ እያልክ እንቅልፍ የሚነሳህ፣ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዩኒየኑ ግቢ ተገኝ! ቀልድ አይደለም፣ እኔ ራሴ ጠይቄያለሁ!»

የመጨረሻዋን ደበበ ከራሱ ጨመራት።

ረቡዕም ደረሰ። ከፈለኝ ወጡ፤ በስተቀኛቸው የሰው ኃይል ሹሟ ሃሌሉያ፣ ዐቃቢተ ማኅተም፣ ማኅተሙን በቦርሳዋ ቆልፋ፤ በስተግራቸው ደበበ ከነሞንታርቦው፤ በስተኋላቸው ሾፌሩ ቦና፣ መኪናው ነዳጅ ስላልነበረው በእግሩ፤ ከሁሉም በኋላ ማንም ያልጠራት የግቢው ውሻ። ለሠራዊቱ መጠለያ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ከምታከራየው ከሩቂያ አንድ ድንኳንና ስድሳ የፕላስቲክ ወንበር መጥቶ ነበር። ሩቂያም ወንበሮቿን ለሰው አምና የምትሄድ ሴት አይደለችምና፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከምሰሶው ሥር ቆመች።

የመጡትም ብዙ ናቸው። የሰማንያ ባጃጅ ተራ ያለ ወረቀት የሚያስታውሰው ተራ አስከባሪው ሲራክ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት የእንግሊዝ ኳስ ውጤት በደብተሩ ያለው ፀጉር አስተካካዩ ኡስማን፤ አንዲት ዐይን ብትጎድል ከሩቅ የምታውቀው ዳንቴል ሠሪዋ ሥርጉት፤ እንዲሁም ዝናብ ለመጠለል የገቡ አሥራ አራት ሰዎች። የኮንጋ ሠንጠረዥም ቡናው ከገባበት ሰዓት ጋር፣ ከግርጌው ያችው የቸልተኝነት ቃል ሳትቀር፣ በትልቁ ተጽፎ በድንኳኑ ግድግዳ ተሰቀለ፤ ቀኖቹ እንደ ኮምፒውተሩ ልማድ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበሩ።

ኡስማን ሠንጠረዡን እንደ ዋንጫ ጨዋታ ተንትኖ አሪቻ ኮንጋን በሜዳዋ እንዳሸነፈቻት አስረዳ። ሥርጉት በአሥራ አንዱ ቀኖች መካከል ያለው ርቀት ሥርዓት እንደሌለው በጣቷ እየለካች አሳየች፤ ጥፋቱ የማጠቢያው ማሽን ቢሆን ኖሮ ሥርዓት ይኖረው ነበር። ሲራክም ተነሥቶ አወጀ፦

«እኔ የማውቀው ተራ ነው። በሌላው ቀን የኮንጋ ሰው ከሰዓት ጀምሮ እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው። በነዚህ ቀኖች ግን ሁሉም ከመሸ፣ ባንድ ላይ ነው የመጣው። ሰው ተራውን ባንዴ የሚለቀው የሆነ ነገር ሲጠራው ነው። ምን እንደጠራቸው ወረቀቱ ላይ የለም።»

ከፈለኝም ብዕራቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ አራት ወር አፍጥጠው ያላዩትን ተራ አስከባሪው በአራት ደቂቃ አይቶታልና።

ሩቂያ ሥራ ልትጠይቅ አልመጣችም፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። ነገር ግን ድንኳኗን ለለቀስተኛና ለሠርገኛ በእኛ ቀን፣ ዎርክሾፕ ለሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በፈረንጅ ቀን ስለምታከራይ፣ እንዳይጋጭባት ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን የመጻፍ ልማድ ነበራት። ሲራክ ሲናገር ደብተሯን ማገላበጥ ጀመረች። አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ደብተሩን እያየች አሥራ አንድ ጊዜ ገለጠች። ከዚያም ከገዛ ወንበሯ ላይ ወጥታ አወጀች፦

«ኧረ ስሙኝማ! እነዚህ ቀኖች የኔ ናቸው፣ አሥራ አንዱም! ድንኳኔ ኮንጋ ነው የነበረው፣ ለቅሶ ቤት! እሸቱን ጠዋት ለቅመው በጆንያ አርገውታል፣ ጡሩምባ ሲነፋ ጥለውት ሄደዋል። ሰው ሞቶ ቡና የሚያወርድ አለ እንዴ? ቀብረው ሲመለሱ መሽቷል፣ ቡናው በጆንያ ውስጥ ሞቆ ኮምጥጧል። በቃ ይሄው ነው! ቸልተኛ የሚላቸው ማነው? ነውር ነው!»

ሃሌሉያ ማስረጃ ጠየቀች። ሩቂያም ከሁሉ የከፋውን ቀን፣ የኮንጋ ቡና አንድም ጆንያ ያልተረፈበትን ዲሴምበር አሥራ ስድስትን ከደብተሯ አነበበች፦

«ታኅሣሥ ሰባት፣ ሰኞ። ኮንጋ። ሁለት ድንኳን፣ ሦስት መቶ ወንበር። አልበቃም፣ ሰው ቆሟል። ሟች፣ መምህር ዘመንፈስቅዱስ። ዕቃ ተረካቢ፣ ልጃቸው።»

ከሥሩ ፊርማ ነበረበት። ፊርማው የከፈለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው አንቱታውን ይተዋል፤ ያፈረ ሰው አንቱታ ይከብደዋል። ከፈለኝ ያን ቀን ታኅሣሥ ሰባት ብሎ በልቡ ይዞት ነበር፤ ዲሴምበር አሥራ ስድስት ተብሎ አራት ወር ሙሉ ፊቱ ሲቀመጥ ግን አላወቀውም። አባቱ ፊደል ያስቆጠራቸው ሰዎች የዓመት ልፋታቸውን በጆንያ ጥለው፣ ሬሳውን እየተቀባበሉ ተሸክመው፣ ወንበር ሳይበቃቸው በእግራቸው ቆመው ዋሉለት። እርሱ ደግሞ ቸልተኞች ብሎ ጻፋቸው። አንዲት ወንበር ስቦ ተቀመጠና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አለቀሰ። ጸሐፊውና ጀግናው አንድ ሰው ናቸው የሚሉ ሐሜተኞች አሉ፤ ዜና መዋዕል ለሐሜት መልስ አይሰጥም። ይህን ገጽ ግን ዝናብ አላራሰውም።

ተነሥቶም የሞንታርቦውን አፍ ከደበበ እጅ ወስዶ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀ፦ «ቸልተኝነት የሚለው ቃል ይሰረዝ። በቦታው ለቅሶ ተብሎ ይጻፍ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ወንበሪቱም ለሩቂያ ትሰጥ።»

ሃሌሉያ ደንቡን ገልጣ ዲግሪ የሚለውን መስመር ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ የደበበ አዋጅ ግን ከተማው ሁሉ ስለሰማው ማጠፍ አልተቻለምና ማኅተሙን አወጣች። ሩቂያም የበኩሏን አወጀች፦ «ወንበርማ ሦስት መቶ አለኝ! እኔ ምፈልገው ሌላ ነው። ድንኳን ሲታዘዝ ለጣቢያው እደውላለሁ፤ ሬሳ ሳይወጣ መኪና ይላክ፣ እሸቱን ያንሣ። እሺ ካላችሁ ሰኞ እገባለሁ።»

እሺ ተባለች። ቦርዱም ዜናውን ሰምቶ ኮንጋን ከመዝገቡ ሳይሰርዛት ሰኔ ገባ። በቀጣዩ ለቀማ፣ በወርኃ ኅዳር፣ አንድ የኮንጋ ሽማግሌ ባረፉ ጊዜ የቦና መኪና ከድንኳኑ ቀድሞ ደረሰ፤ ነዳጅም ነበረው። የዚያን ቀን ቡና የቀመሱት ዋጡት።

ጸሐፊው ለሊቀ ሠንጠረዥ ለከፈለኝ ሠላሳ የማዕረግ ስም አዘጋጅቶ ነበር፤ ሁሉንም ሰርዞ እንዲህ ጻፈ። ወይእዜኒ ክብር ይሁን ለሩቂያ፣ እመ ድንኳን፣ ማእምርተ ዕለታት፣ ሁለት ቀን ባንድ መስመር ለምትጽፈው። ክብር ለሲራክና ለሥርጉት፣ ለኡስማንም ቢሆን። ክብር ይሁን ለኮንጋ ሰዎች፣ ቡናቸውን ለመምህራቸው ለተዉት፣ ወንበር ሳይበቃቸው ለቆሙት። ሦስት መቶውን ወንበር ፈርሞ ተረክቦ የቆሙትን ሳይቆጥር ለቀረው ለከፈለኝ ግን፣ ምሕረት ይሁንለት።