ማሰሪያው የማይደርስለት ጀይሉ

በየአገሩ አንድ አለ፤ ወሬ ይጀምራል፣ አይጨርስም። ከሚሴ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጓድ ጀይሉ ነበሩ። ጀይሉ «የዓብዱ በሬ» ብሎ ከጀመረ፣ በሬው ምን እንደሆነ ለማወቅ ስንቅ ቋጥሮ መቀመጥ ነው። በሬው ከባቲ ገበያ እንዴት እንደተገዛ፣ የሸጠው አፋር ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ የአፋሩ ግመል የማን ማሽላ ውስጥ እንደገባች። መሀል ላይ «ለሱ እመለስበታለሁ» ይላል። አይመለስም። አንድ ለት «የቦርከና ወንዝ ወሰደው» የምትለዋ ስትደርስ በሬው ከአገር ወጥቷል። የበሬው ጌታ ዓብዱ ራሱ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር።

ፍዳውን የሚበላው ሙሄ ነው። ሙሄ ሰባተኛ ክፍል ደርሶ የተመለሰ የቀበሌ ጸሐፊ ነው። ስብሰባ ላይ ጀይሉ እጁን ሲያወጣ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። «ጓድ ጀይሉ እንዳሉት የወፍጮው ጉዳይ» ብሎ ይጽፍና፣ የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ሲመጣ ሊሞላው ቦታ ይተዋል። መዝገቡ እንደ ወላቃ አፍ በየቦታው ክፍት ነው።

ለመሠረተ ትምህርት ከአዲሳባ የዘመተ አንድ የቋንቋ ተማሪ መዝገቡን አይቶ ሳቀ።

«በሰውየው አትፍረድ፤ ቋንቋው ራሱ እንዲህ ነው» አለው ሙሄን። «ባለቤቱ ፊት ይመጣል፣ ማሰሪያው ኋላ። መሀላቸው የፈለግከውን ብትከምር በማይታይ ገመድ ተያይዘዋል። ገመዱ ሲረዝም ግን ጆሮ ይደክመዋል። ባለቤቱን ተሸክሞ ነዋ የሚጠብቀው! ማሰሪያው ሲደርስ ያራግፋል። ጀይሉ ደሞ በሬው ሳይራገፍ አፋሩን፣ አፋሩ ሳይራገፍ ግመሏን ይጭናል።»

«እንግዲያ እኛ የጀይሉ አህዮች ነና» አለ ሙሄ።

በሰባ ስምንት ለቀበሌው አንድ ወረቀት ከጦር ግንባር መጣ። ስለ ዙሀራ ልጅ፣ ስለ ሙሐመድዘይን ነው፤ ከገበያ መሀል ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው፣ ለእናቱ አንድ። መርዶ እንደ ወጉ በማለዳ ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ እሷ ሳትሰማ ማንም እንዳያለቅስ ተማምሎ። ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ቆረጡ፦ ጀይሉ አፉን እንዳይከፍት። ሙሄ ያንብብ፤ ወረቀቱ ሁለት መስመር ነው።

ከሱብሂ ሶላት በኋላ ደጇ ቆሙ። ዙሀራ ወጣች፣ ያን ሁሉ ሰው አየች።

«አከም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ» አለች።

ሙሄ ወረቀቱን ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈው። ደግሞ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው።

«ልጄ ምን ሆነ?»

«ልጅሽ ሙሐመድዘይን» አለ ጀይሉ ከኋላ። አንዱ ሽማግሌ በክርኑ ጎሰመው። አልተገታም። «ልጅሽ ሙሐመድዘይን፣ ያ በተወለደ ለት ቦርከና ሞልቶ አዋላጇን አዝዬ ያሻገርኩለት፣ ያ ስም ሲወጣለት አያቱን ጢማቸውን ይዞ አለቅም ያለ፣ ያ ባቲ ገበያ ጠፍቶ ካፋሮች ጋር ወተት ሲጠጣ የተገኘ...»

ፀሐይ ወጣች። ሰዉ እግሩን ቀያየረ። ዙሀራ በሩን ይዛ ቆማለች። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ገብቷታል። ግን አላቋረጠችውም። ጀይሉ ትንፋሽ ሲያጥረው፣

«የማሽላውን ዘለልከው አያ ጀይሉ» አለችው። «ወፍ ሲጠብቅ ከማማ የወደቀውን።»

«ለሱ እመለስበታለሁ» አለ። ተመለሰም፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሙሄ የዚያ ተማሪ ነገር ትዝ አለው። ዙሀራ ተሸክማለች። ማራገፍ አትፈልግም።

ጀይሉ ልጁን አሳደገው፣ ገበያ አወጣው፣ የወታደር መኪና ላይ አሳፈረው። «መኪናው ሲነሳ በኩታው ያውለበለበልን...» አለና ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው የለም። ጢሙ በእንባ ርሷል።

«በቃህ ወንድሜ፣ ደከመህ» አለችው። «ይችን እኔ እጨርሳታለሁ።»

ጨረሰቻት። ማሰሪያዋ አንድ ቃል ናት።

ዛሬም ጀይሉ እጁን ሲያወጣ ሰዉ እንደ ድሮው ያጉረመርማል። ሙሄ ብቻ እስክሪብቶውን አያስቀምጥም። የዚያን ለት መዝገብ «የዙሀራ ልጅ ሙሐመድዘይን» ይልና ቀሪው ባዶ ነው። ሊቀመንበሩ «ሙላው እንጂ!» ሲለው፣ ሙሄ ቀና ሳይል፣

«እመለስበታለሁ» አለው።