መምህር ሚልክያስ እና ዳሞታ ላይ ያረፉት ወራሪዎች

ፊልምን ብቻውን የማይተው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለወላይታ ሶዶ የደረሷት መምህር ሚልክያስ ናቸው።

ክቡርነታቸው ሥነ ዜጋ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ክፍላቸው የሙሉሐረግ ፊልም ቤት ነው፤ ተማሪዎቻቸው ደግሞ ሮቦት ሲታኮስ ሊያዩ የገቡ ምስኪኖች። ከሰማይ የወረደ ጦር ከተማ ሲያጋይ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሳለ፣ እሳቸው ከፊት ወንበር ብድግ ይላሉ።

"ልብ በሉ! ይሄ ሮቦት አይደለም፤ ሥልጣን ነው! ባለጠጋው በመንኮራኩር ሸሸ። ድሃው የት ቀረ?"

"ጥይት መሐል! ይቀመጡ መምህር!" ይላል አንዱ ከኋላ።

አይቀመጡም። ጥቁሩ ወታደር ገና በአሥረኛው ደቂቃ ሲሞት ሰዓታቸውን አይተው፣ "አላልኳችሁም? የእኛ ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚሰናበተው" ይላሉ። አንዴማ የህሊና ጸሎት ይደረግለት ብለው ፊልሙን አስቁመዋል።

ሙሉሐረግ ደንበኛ ሲሸሽባት ስንቴ ልታባርራቸው አስባለች። በር ላይ ቆማ ቲኬት ስትቆርጥ ግን፣ ሳትወድ በግድ፣ ትንታኔያቸው አንድም ሳይቀር ጆሮዋ ገብቷል።

ባለፈው ክረምት ቤቴል የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትዕግሥቷ አለቀ። "እንግዲያው እርስዎ ይጻፉልና! እኛ በስልክ እንቀርጸዋለን።"

ቤቱ ሳቀ። መምህር አልሳቁም። ሦስት ሳምንት ጠፉ። ሙሉሐረግ ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ሲመጣ አልተመቻትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተር በብብታቸው ይዘው መጡና ቆመው አነበቡ። ወራሪዎቹ ዳሞታ ተራራ ላይ ያርፋሉ። የባጃጅ ሹፌሮችና ገበሬዎች ከበው በወላይትኛ "እጅ ስጡ!" ይሏቸዋል። ጥቁሩ ሰው እስከ መጨረሻው ይኖራል፤ ሁሉም ጥቁር ነዋ! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?" አለች ሙሉሐረግ ከበሩ። "ታሪኩ ውስጥ ያለችው አንዲት ሴት ለጀግኖቹ ሻይ ታቀርባለች። ከዚያስ?"

ደብተሩን ገለጡ፤ መልሰው ገለጡ። "ከዚያ... ብርጭቆውን ትሰበስባለች።"

ማንም አልሳቀም።

"ፊልም እንዲህ አድርጌ እንዳይ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" አለች ዝግ ብላ። መምህር ደብተሩን ዘግተው ወጡ።

አራት ቀን ሙሉ በሩን ስታይ ሰነበተች። ሽማግሌውን በሰው ፊት አዋረድኳቸው ብላ እንቅልፍ አጣች። በአምስተኛው ቀን፣ ፊልም ሳይጀመር፣ ደብተራቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

"ሻይ አቅራቢዋ ጦሩን ትመራለች" አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "የወራሪዎቹን ቋንቋ ቀድማ የለየችው እሷ ናት፤ ሌላው ሲያወራ እሷ ስትሰማ ኖራለቻ። ስሟንም ሳላስፈቅድሽ ሙሉሐረግ ብዬዋለሁ። ቤቴል ደግሞ ካንቺ ሌላ ሰው አይጫወታትም ብላለች።"

ቀና ብላ አላየቻቸውም። ጨርቅ አንስታ ንጹሑን ስክሪን እንደገና መወልወል ጀመረች።

"ልምምዱ መቼ ነው?" አለች፣ መወልወሏን ሳታቆም።